ማንም ያላየው ግድግዳ፦ ያለ ፈቃድ የታደሰ ቤት ከመግዛትዎ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የገዛነው ቤት በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ላይ ሦስት መኝታ አለው። ልባችንን የወሰደው ግን ቤዝመንቱ ነበር፦ ሁለት መኝታ፣ ሻወር ያለው መታጠቢያ ቤት፣ ጠባብ ግን ንጹሕ ኩሽና፣ የራሱ መግቢያ በር። ገና ቤቱን እየዞርን ሳለ ባለቤቴ ስልኳን አውጥታ የቤዝመንቱን ኪራይ ከወርሃዊው የባንክ ክፍያ ላይ ትቀንስ ነበር። ሻጩ በሞላው ቅጽ ላይ፣ ለተደረጉት ማሻሻያዎች አስፈላጊው ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ ለሚጠይቀው መስመር፣ «አላውቅም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጓል። እኛ «አዎ» ብለን አነበብነው።

በአራተኛው ወር ቤዝመንቱ ሳሙና ሳሙና ይሸት ጀመር። የቧንቧ ሠራተኛው ሽታውን ተከትሎ የማሞቂያው ክፍል ጥግ ያለውን ጉድጓድ ከፈተና ሳቀ። የሻወሩ ፍሳሽ የተገናኘው ከቤቱ የፍሳሽ መስመር ጋር ሳይሆን፣ ከመሠረቱ ሥር የዝናብ ውሃ ሰብስቦ ወደ ግቢ ከሚተፋው የሳምፕ ፓምፕ ጋር ነበር። አራት ወር ሙሉ የእንግዶቻችንን የገላ መታጠቢያ ውሃ የጎረቤታችን አጥር ሥር ስናፈስ ኖረናል።

የግንባታ ፈቃድ ማለት ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ውስጡን አይቶታል ማለት ነው። ፈቃድ የሌለው ሥራ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል፤ ማንም አላየውምና ከውጭ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የገዢው ሥራ ሦስት ነው፦ ያልታየው ምን እንደሆነ ማወቅ፣ በተቻለ መጠን እንዲታይ ማድረግ፣ የቀረውን ከዋጋው ላይ መቀነስ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ ቤት ለሚፈልግ ሰው ነው። በሌላ ግዛት ያላችሁ የመሥሪያ ቤቶቹን ስም ቀይራችሁ አንብቡት፤ ነገሩ ብዙ አይለይም።

1. ፈቃድ የሚጠይቀውን ይለዩ

ቀለም መቀባት፣ ምንጣፍ አንስቶ የወለል እንጨት ማንጠፍ፣ የኩሽና ቁምሳጥን በነበረበት ቦታ መተካት በአብዛኛው ፈቃድ አያስፈልገውም። ግድግዳ ማፍረስ ወይም መጨመር፣ አዲስ የመብራት መስመር መዘርጋት፣ ቧንቧ ወይም ጋዝ ማዛወር፣ ቤዝመንት መጨረስ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ዴክ (የእንጨት በረንዳ) መሥራት፣ የመኪና መጠለያን ዘግቶ ክፍል ማድረግ ያስፈልገዋል። ለአንድ ቤዝመንት አንድ ፈቃድ ብቻ እንደማይበቃም ይወቁ፤ የግንባታው፣ የመብራቱና የቧንቧው ፈቃድ የተለያዩ ናቸው።

2. ቤቱን ከማየትዎ በፊት መዝገቡን ያንብቡ

ይህ በነፃ፣ ከሶፋ ሳይነሱ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ግን ጥቂት ሰው ብቻ ይሠራዋል።

በመጀመሪያ ቤቱ በማን ሥር እንደሆነ ያረጋግጡ። የፖስታ አድራሻ ያሳስታል። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማዘጋጃ ቤት የለውም፤ ፈቃድ የሚሰጠው የሞንጎመሪ ካውንቲ የፈቃድ አገልግሎቶች መምሪያ ነው። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ግን በዚያው ካውንቲ ውስጥ ሆነው የግንባታ ፈቃድ ራሳቸው ይሰጣሉ። በቨርጂኒያ ደግሞ በፖስታ አድራሻቸው ላይ «አሌክሳንድሪያ» ተብሎ የተጻፈ ብዙ ቤቶች ከከተማው ውጪ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። በተሳሳተው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልገው ምንም ባያገኙ «ፈቃድ የለውም» ብለው ይደመድማሉ፤ ወይም በተቃራኒው ይጽናናሉ። ዲሲ ውስጥ ከሆነ የሚፈልጉት የሕንፃዎች መምሪያን ነው፤ በጥቅምት 2022 ከቀድሞው የሸማቾችና የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተለይቶ የተቋቋመ ነው።

እኛን ያመለጠን ነጥብ ይህ ነው፦ በሞንጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የቧንቧና የጋዝ ሥራ ፈቃድ በአብዛኛው የሚሰጠው ካውንቲው ሳይሆን የውሃና ፍሳሽ ድርጅቱ፣ ዋሽንግተን ሰበርባን ሳኒተሪ ኮሚሽን ነው። የካውንቲውን ድረ ገጽ ብቻ ያየ ሰው የመታጠቢያ ቤቱን ታሪክ ግማሹን አላየም። ሁለቱንም ይጠይቁ።

በአድራሻው ሲፈልጉ የሚወጣውን ዝርዝር በጥሞና ያንብቡ። ፈቃድ «ተሰጠ» ማለትና «የመጨረሻ ፍተሻ አለፈ» ማለት የተለያዩ ናቸው። ባለቤቱ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ ፍተሻውን ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። ሻጩም «ፈቃድ አለው» ሲል አልዋሸም። የመጨረሻ ፍተሻ ቀን ከሌለው ግን ያ ፈቃድ ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ጊዜው አልፎበታል፤ ለእርስዎ ከሌለው ብዙም አይሻልም።

ቀጥለው የሜሪላንድ የንብረት ግምትና ግብር መምሪያን መዝገብ ይክፈቱ። እዚያ የተሠራበት ዓመት፣ ከመሬት በላይ ያለው ስፋት፣ የመታጠቢያ ቤቶች ቁጥርና የቤዝመንቱ ሁኔታ ሰፍሯል። ማስታወቂያው ሦስት መታጠቢያ ቤት ካለና መዝገቡ ሁለት ብቻ ካወቀ፣ ሦስተኛው ከየት መጣ? መዝገቡ ሊሳሳት ይችላል፤ ጥያቄው ግን መነሳት አለበት። ቤቱ ቀደም ሲል ተሽጦ ከነበረ የድሮው ማስታወቂያ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ይቀራሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት የሲሚንቶ ወለልና የተከመሩ ካርቶኖች የሚታዩበት ቤዝመንት ዛሬ ባለ ሁለት መኝታ ከሆነና በመካከል አንድም ፈቃድ ከሌለ፣ ከሻጩ ሳይጠይቁ መልሱን አግኝተዋል።

የቆዩ መዝገቦች ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አልገቡም። ለእነዚያ በሜሪላንድ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ቀናት ስለሚወስድ ቀደም ብለው ይጀምሩ።

3. ቤቱን ሲዞሩ

ሜትር ይዘው ይሂዱ። ኪስ ውስጥ የሚገባ መለኪያ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሁሉ በፊት የቤዝመንቱን መኝታ ክፍል መስኮት ይለኩ። ሌሊት እሳት ቢነሳና ደረጃው በጭስ ቢሞላ፣ የተኛው ሰው በመስኮቱ መውጣት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ከነጓዙ በመስኮቱ መግባት አለበት። ብዙ አካባቢዎች የሚከተሉት ዓለም አቀፉ የመኖሪያ ቤት ኮድ በጥቅሉ የሚጠይቀው፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ነፃ ሆኖ የሚቀረው ክፍተት ቢያንስ 5.7 ካሬ ጫማ እንዲሆን (ከመሬት ጋር እኩል ለሆነ መስኮት 5 ካሬ ጫማ)፣ ወርዱ ከ20 ኢንች፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች እንዳያንስ፣ የታችኛው ጠርዙ ደግሞ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ እንዳይርቅ ነው። ሻጮችና አንዳንድ ኮንትራክተሮች «20 በ24 ነው፣ በቂ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ያባዙት፦ 480 ካሬ ኢንች ነው፤ ወደ ካሬ ጫማ ሲቀየር 3.3 ብቻ። ሁለቱን ትንሹን ልክ ይዞ ስፋቱን ማሟላት አይቻልም። ወርዱ 20 ኢንች የሆነ መስኮት 5.7ን ለማሟላት ቁመቱ 41 ኢንች ገደማ መሆን አለበት። የሚለካውም ሲከፈት የሚቀረው ቀዳዳ እንጂ መስታወቱ ወይም ፍሬሙ አይደለም። ወደ ጎን የሚንሸራተት መስኮት ግማሹ ብቻ እንደሚከፈት አይርሱ።

መስኮቱ ከመሬት በታች ከሆነ ከውጭ የተቆፈረው ጉድጓድም ልክ አለው፤ 9 ካሬ ጫማ ስፋት፣ ከግድግዳው ደግሞ 36 ኢንች መውጣት አለበት። ጥልቀቱ ከ44 ኢንች ካለፈ መሰላል ይጠየቃል። ይህን የማያሟላ ክፍል በማስታወቂያው ላይ ምንም ተብሎ ቢጻፍ፣ አልጋም ቢዘረጋበት፣ መኝታ ቤት አይደለም። የአምስት መኝታ ዋጋ እየከፈሉ ሦስት መኝታ እየገዙ ይሆናል።

ቀጥሎ ኮርኒሱ። በአጠቃላይ 7 ጫማ ይጠበቃል፤ ቤዝመንት ውስጥ በምሰሶና በአየር ቧንቧ ሥር እስከ 6 ጫማ ከ4 ኢንች ድረስ ይፈቀዳል። መስኮት በገንዘብ ይሰፋል። ዝቅ ያለ ኮርኒስ ግን ወለሉን ከመቆፈር በቀር መፍትሔ የለውም፤ መሠረት ሥር መቆፈር ደግሞ አብዛኛው ገዢ የማይደፍረው ወጪ ነው።

የመብራት ሳጥኑን በር ይክፈቱ። የውስጥ ሽፋኑን ግን አይንኩ፤ እሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። በእጅ ጽሑፍ «ቤዝመንት» የሚል አንድ ብሬከር ብቻ አይተው፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ምድጃ፣ ማይክሮዌቭና የግድግዳ ማሞቂያ ካዩ፣ የሁሉም ሸክም የት እንዳረፈ ይጠይቁ። ባልተሸፈነ ቦታ፣ ለምሳሌ በማሞቂያው ክፍል ጣሪያ ላይ፣ የኬብሉን ቀለም ይመልከቱ። የቤት ውስጥ ኬብል ሽፋን በውፍረቱ ልክ በቀለም መለየት የጀመረው በ2001 አካባቢ ነው። «ይህ ሁሉ እኛ ስንገዛ ነበር፣ የሰማንያዎቹ ሥራ ነው» ከተባሉና ቢጫ ኬብል ካዩ፣ ነገሩ እንደተባለው አይደለም። ሌላ ዘዴ፦ የመጸዳጃውን የውሃ ታንከር ክዳን ያንሡና ከሥሩ ወይም ከታንከሩ ውስጥ ይመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ የተመረቱበት ቀን ታትሟል። መታጠቢያ ቤቱ መቼ እንደተሠራ ሻጩ ካላወቀ፣ መጸዳጃው ያውቃል።

የቤዝመንት መታጠቢያ ቤት ከመንገዱ የፍሳሽ መስመር በታች ሲሆን ፍሳሹ ወደ ላይ መገፋት አለበት፤ ለዚህ የታሸገ ክዳንና የአየር መውጫ ያለው ኢጄክተር ፓምፕ ያስፈልጋል። ክዳኑ የማይታሸግ የሳምፕ ጉድጓድ ካዩ አንዱን ሰው ሻወሩን ከፍቶ እንዲቆይ አድርገው እርስዎ ጉድጓዱ አጠገብ ይቁሙ። ውሃ ሲገባ ከሰሙ የእኛን ታሪክ ሰምተዋል።

የጋዝ ማሞቂያውና የውሃ ማሞቂያው ያሉበት ክፍል በአዲስ ግድግዳ ተጣቦ፣ በሩ ወደ መኝታ ክፍል የሚከፈት ከሆነ ነገሩን አቅልለው አይዩት። ጋዝ ሲቃጠል አየር ይፈልጋል፤ አየር ካጣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከውጭ ደግሞ ዴኩ ከቤቱ ጋር የተያያዘበትን እንጨት ከሥር ይመልከቱ፦ በወፍራም ቡሎን ነው ወይስ በምስማር ብቻ? በምስማር ከሆነ የፋሲካ እንግዶችዎን እዚያ አያስቁሙ።

4. ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ

በሜሪላንድ የቤት ሻጭ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን ዘርዝሮ ይገልጻል፣ ወይም «እንዳለ እሸጣለሁ» ብሎ ዋስትና እንደማይሰጥ ይፈርማል። ሁለተኛውን ቢመርጥም እንኳ የሚያውቀውን ድብቅ ጉድለት፣ ማለትም ገዢው ተጠንቅቆ ቢያይ የማያገኘውንና ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋውን፣ መግለጽ ግዴታው ነው። በመግለጫው ቅጽ ላይ በባለቤቱ ወይም በኮንትራክተር ለተደረገ ማሻሻያ ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ሕጉ በአብዛኛው «ገዢ ሆይ ተጠንቀቅ» ባይ ነው፤ ከሻጩ ቅጽ ብዙ አይጠብቁ።

«አላውቅም» የሚል መልስ ካዩ በወኪልዎ በኩል በኢሜይል ይጠይቁ፦ ሥራውን ማን ሠራው? በየትኛው ዓመት? ውሉ፣ ደረሰኙ፣ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት የተነሳ ፎቶ አለ? ኮንትራክተሩ የሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ነበረው? ጥሩ ሥራ ያሠራ ሰው ፎቶ አያጣም። መልስ ካልመጣ፣ አለመምጣቱም በጽሑፍ ይቀራል።

ስለ እኛው ሰው አንድ ነገር ልበል። ሻጩ አበሻ ሲሆን ጥያቄው ያፍናል። ቡና ተፈልቶ፣ የአገር ቤት ወሬ ተነስቶ፣ «እኔ ራሴ ነኝ ያሠራሁት፣ ልጁ እጁ ወርቅ ነው» ሲባል ወረቀት መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ይጠይቁ። ልጁ እውነትም እጁ ወርቅ ከሆነ፣ የግድግዳው መከፈት ያስመሰግነዋል እንጂ አያሳፍረውም።

5. ዋጋ ሲያቀርቡ የመውጫ በር ይተዉ

ፉክክር ሲበዛ ገዢዎች የፍተሻ ቅድመ ሁኔታን ይተዋሉ። ፈቃዱ አጠራጣሪ በሆነ ቤት ላይ ይህን አላደርግም፤ ወኪሉ ቢቆጣም አላደርግም። በውሉ ውስጥ ቤቱን አስፈትሸው ካልተስማማዎት መያዣዎን፣ ማለትም ዋጋ ሲያቀርቡ ያስያዙትን ገንዘብ፣ ይዘው የሚወጡበት የተወሰነ ቀን ይኑር።

መደበኛው የቤት መርማሪ የሚታየውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ግድግዳ አይከፍትም፣ ፈቃድም አያጣራም። የእኛ መርማሪ ሻወሩን ከፍቶ ውሃው ሲወርድ አይቶ «ይሠራል» ብሎ ጽፏል። ትክክል ነበር፤ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አጠራጣሪው ነገር የመብራት ከሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን፣ የፍሳሽ ከሆነ ቧንቧ ውስጥ ካሜራ የሚሰድ ባለሙያ፣ የተነሳ ግድግዳ ካለ ስትራክቸራል መሐንዲስ ለብቻ ያስገቡ። ለእያንዳንዳቸው የሚከፍሉት ገንዘብ በኋላ ከሚያወጡት አንጻር ጥቂት ነው። እያንዳንዱን «አይቼዋለሁ» ብቻ ሳይሆን «ይህን ሕጋዊ ለማድረግ ስንት ታስከፍላለህ?» ብለው በጽሑፍ ዋጋ ያስወጡ። ቀጣዩ ደረጃ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ስለ እርሳስ ያለበት ቀለም የሚናገረው የፌደራል መግለጫ ሊሰጥዎት ይገባል። ያለ ፈቃድ የተፋቀና የተፈረካከሰ አሮጌ ግድግዳ በተለይ ሕፃን ላለው ቤተሰብ አሳሳቢ ነው።

ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲደውሉ በመጀመሪያ አድራሻውን ሳይጠሩ ይጠይቁ፦ «ያለ ፈቃድ የተጠናቀቀ ቤዝመንት ሕጋዊ ለማድረግ ምን ያስፈልጋል?» አድራሻ ጠርተው ቅሬታ የሚመስል ነገር ከተናገሩ ተቆጣጣሪ ሊላክ ይችላል፤ ቤቱ ደግሞ ገና የእርስዎ አይደለም። በአጠቃላይ የሚነገርዎት ንድፍ አስገብተው እንደ አዲስ እንደሚያመለክቱ፣ ሥራው ዛሬ ባለው ኮድ እንደሚመዘን፣ መብራቱና ቧንቧው እንዲታይ ጂፕሰም ቦርዱ በከፊል እንደሚከፈት ነው። ብዙ ቦታ ዘግይቶ የመጣ ማመልከቻ ተጨማሪ ክፍያ አለበት።

6. ሒሳቡን ይሥሩ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። የተጠየቀው ዋጋ 620,000 ዶላር ነው እንበል። በዚያው መንገድ ቤዝመንቱ ያልተጠናቀቀ ተመሳሳይ ቤት 565,000 ተሽጧል። ሻጩ ለቤዝመንቱ የጠየቀዎት 55,000 ነው ማለት ነው።

አሁን ያስወጡትን ዋጋ ይደምሩ፦ ሁለት የማምለጫ መስኮት መቁረጥ 12,000፣ ፍሳሹን ማስተካከልና ኢጄክተር ፓምፕ 9,000፣ መብራት 5,000፣ ንድፍ፣ ፈቃድ፣ ግድግዳ ከፍቶ መዝጋት 10,000። ድምሩ 36,000። ግድግዳ ሲከፈት ሁልጊዜ ያልታሰበ ነገር ይወጣልና 20 በመቶ ይጨምሩ፤ 43,200 ይሆናል። ከ620,000 ሲቀነስ 576,800። ከዚህ በላይ ከከፈሉ የሻጩን ያልተጠናቀቀ ሥራ በራስዎ ገንዘብ እየጨረሱ ነው። ቤዝመንቱ ሳይኖርበትና ሳይከራይ የሚቆይበትን ወራትም ያስቡ።

ኮርኒሱ 6 ጫማ ከሆነ ሒሳቡ አጭር ነው። ያ ቦታ ቆንጆ ቀለም የተቀባ መጋዘን ነው፤ ቤቱም 565,000 ያወጣል።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ወርሃዊ ክፍያውን እችላለሁ አልችልም ስትሉ ሕጋዊ ካልሆነው ክፍል የሚመጣ ኪራይ አትቁጠሩ። እኛ ቆጥረን ነበር። ፍሳሹን አፍርሰን እስክናስተካክል ሰባት ወር ፈጀ፤ የወጣው 14 ሺህ ዶላር ሳይሆን በየወሩ ያልገባው ኪራይ ነው እንቅልፍ የነሳን።

7. ባንኩ፣ ገማቹና ኢንሹራንሱ

ባንኩ የሚልከው ገማች ፈቃድ የሌለው ተጨማሪ ግንባታ መኖሩን ካወቀ፣ ከባንኮች የቤት ብድር በሚገዛው በፋኒ ሜይ ደንብ መሠረት ስለ ሥራው ጥራትና በገበያ ዋጋው ላይ ስላለው ተጽእኖ መጻፍ አለበት። ስለ ስፋትም ይጠንቀቁ። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ፋኒ ሜይ ገማቾች በአንድ ወጥ የአለካክ ደረጃ እንዲለኩ ይጠይቃል፤ በዚህ ደረጃ በከፊልም ቢሆን ከመሬት በታች ያለ ወለል ከዋናው የመኖሪያ ስፋት ጋር አይደመርም። ማስታወቂያው 2,400 ካሬ ጫማ ብሎ ገማቹ 1,500 ቢጽፍ አይደንግጡ፤ ግምቱ ከተስማሙበት ዋጋ ቢያንስ ልዩነቱን ከኪስዎ የሚሞሉት እርስዎ መሆንዎን ግን ቀድመው ይወቁ።

በመዝጊያው ቀን፣ ማለትም ሽያጩ ተፈርሞ በሚያልቅበት ቀን፣ ከሚቀርቡልዎት ወረቀቶች አንዱ የባለቤት ታይትል ኢንሹራንስ (የባለቤትነት መብት ዋስትና) ነው። መደበኛው ዓይነት የግንባታ ፈቃድን ጉዳይ አይሸፍንም። የተስፋፋው ዓይነት ግን ቀድሞ ያለ ፈቃድ የተሠራን ነገር እንዲያፈርሱ ወይም እንዲያስተካክሉ ቢገደዱ፣ ከራስዎ ከሚከፍሉት መነሻ በላይ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ሊከፍል ይችላል። ይሁንና እርስዎ የሚያውቁትን ለኩባንያው ሳይናገሩ ከያዙት አይጠቅምዎትም። ልዩነቱን ከመዝጊያው ሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ ብዕር ይዘው ተሰልፈው ሳለ አይደለም። የቤት ኢንሹራንስ ወኪሉንም «ፈቃድ የሌለው የመብራት ሥራ እሳት ቢያስነሳ ትከፍላላችሁ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ።

8. ድርድሩ

ክፍት ሆኖ የቀረ ፈቃድ ካለ ሻጩ ከመዝጊያው በፊት የመጨረሻ ፍተሻውን አስጠርቶ ይዝጋው። ይህ የእሱ የቤት ሥራ ነው፤ ማስረጃውም በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ይታያል።

ፈጽሞ ፈቃድ ለሌለው ሥራ ግን ሻጩ እንዲያስተካክል ከማድረግ የዋጋ ቅናሽ እመርጣለሁ። ሊወጣ የተሰናዳ ሰው በጣም ርካሹን ሠራተኛ ነው የሚጠራው፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ይኖራሉ። የባለሙያዎቹን የጽሑፍ ዋጋ አያይዘው ያቅርቡ። «ይወደድብኛል» የሚል ሰው ይከራከሩታል፤ የኤሌክትሪሺያን ፊርማ ያለበትን ወረቀት መከራከር ግን ይከብዳል። ሦስተኛው መንገድ ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው ሥራው እስኪያልቅ በገለልተኛ ሒሳብ እንዲያዝ ነው፤ ለዚህ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሁሉም ባንክ አይስማማም።

ሻጩ ዋጋ አልቀንስም፣ ባለሙያም አላስገባም ካለ፣ መያዣዎን ይዘው ይሂዱ። ቤዝመንቱ ያማረ ቤት ሌላም ይገኛል።

9. ማከራየት ካሰቡ

በሞንጎመሪ ካውንቲ ቤት ለማከራየት የኪራይ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የራሱ ኩሽና ያለው የቤዝመንት መኖሪያ ደግሞ እንደ ተጨማሪ መኖሪያ ክፍል ተቆጥሮ የራሱን ፈቃድና ፍተሻ ይጠይቃል። ጉዳዩን የሚይዘው የቤቶችና የማኅበረሰብ ጉዳዮች መምሪያ ነው። ፍተሻው መስኮቱን፣ ኮርኒሱን፣ ጭስ ጠቋሚውን ያያል፤ ማለትም በደረጃ 3 ላይ እርስዎ በሜትር የለኩትን። «ማን ያውቃል፣ ለዘመድ ነው የማከራየው» የሚለውን እኔም ብዬዋለሁ። ተከራይ ሲጣላ ግን በመጀመሪያ የሚደውለው ለካውንቲው ነው፤ ማምለጫ በሌለው ክፍል ሰው ቢጎዳ ደግሞ ጉዳዩ ከኪራይ አልፎ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

10. ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ

በመጀመሪያው ቀን፣ ሶፋው ከመግባቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጪና በየፎቁ ጭስ ጠቋሚ ያድርጉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም እንዲሁ። የድሮዎቹን ጭስ ጠቋሚዎች ገልብጠው ከጀርባ ያለውን ቀን ያንብቡ፤ አሥር ዓመት ካለፋቸው ይጣሉ። ከዚያ ለቤዝመንቱ ፈቃድ ያመልክቱ፤ ግድግዳው ሲከፈት ሁሉንም ፎቶ ያንሱ፣ የመጨረሻ ፍተሻውን ማስረጃ ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ።

ባለፈው ዓመት ቤታችንን ለመሸጥ አስበን ያንኑ ቅጽ ለራሳችን አወጣነው። የፈቃዱ መስመር ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ፋይሉን ከመሳቢያ አወጣች። ውስጡ ከጎረቤታችን አጥር ሥር የወጣውን አሮጌ ቧንቧ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገን ፎቶውን ከቅጹ ጋር አያያዝነው።